«ፈርቼ ሳላነብ ፈረምኩ»

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ደብረ ብርሃን የባጃጅ ሹፌር ነኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ሳይነጋጋ ከጠባሴ አንድ ሰው ሁለት በግ ጭኖ ገበያ አደረስኩት። ሒሳቤን ከፈለኝ፣ ተለያየን። በጎቹ ለካ የተሰረቁ ናቸው። በሳምንቱ ፖሊስ ጠርቶ ጠየቀኝ። መርማሪው «ሰውየውን ታውቀዋለህ አይደል?» ሲለኝ «አዎ» አልኩ፤ መልኩን ማለቴ ነበር። ወዲያው ደግሞ ደሜ ፈላና «ሌባ ልታደርጉኝ ነው?» ብዬ ጠረጴዛ መታሁ። መጨረሻ ላይ ቶሎ ልውጣ ብዬ የሰጡኝን ወረቀት ሳላነብ ፈረምኩ። አሁን ለሰኞ መጥሪያ ደርሶኛል። እናቴ እንቅልፍ አጥታለች። አጎቴ «አዲስ አበባ ሂድ፣ ነገሩ ይብረድ» ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

ወንድሜ፣

አጎትህ ስለሚወድህ ነው እንዲህ ያለህ፤ ግን እንዳትሰማው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መጥሪያ ደርሶት የቀረን ሰው ፖሊስ እንዲይዘው መንገድ ይከፍታል። ሰኞ በሰዓቱ ሂድ። መጥሪያውንም ይዘህ ሂድ።

ገብተህ እንደተቀመጥክ አንድ ነገር ጠይቅ፦ «የተጠራሁት በምስክርነት ነው ወይስ በተጠርጣሪነት?» ልዩነቱ ትልቅ ነው። ምስክር ከሆንክ እውነቱን የመናገር ግዴታ አለብህ፤ ራስህን ወንጀል ውስጥ የሚከትህን ጥያቄ ግን አለመመለስ ትችላለህ። ተጠርጣሪ ነህ ካሉህ ስምና አድራሻህን ስጥ። ከዚያ ወዲያ ዝም የማለት መብት አለህ። የምትናገረው ፍርድ ቤት ማስረጃ ሊሆንብህ እንደሚችልም ሊነግሩህ ይገባል። ይህ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተጻፈ ነው። «ጠበቃ ካማከርኩ በኋላ እመልሳለሁ» ማለት ድፍረት አይደለም። በዝግታ፣ «እርስዎ» እያልክ ተናገር። ለመታኸው ጠረጴዛም ይቅርታ ጠይቅ።

አሁን ወደ «አዎ»ህ። እኛ ሰው ሲናገር «እሺ፣ እሺ» እያልን ነው የምናዳምጠው፤ አንዳንዴ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን ብቻ «አዎ» እንላለን። ቤት ውስጥ ጨዋነት ነው። መርማሪ ፊት ግን ተስማማ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው እስኪያልቅ ዝም ብለህ ስማ። ካልገባህ «ይድገሙልኝ» በል። የማታስታውሰውን «አላስታውስም» በል፤ እሱም መልስ ነው። ለመናገር ከወሰንክ ደግሞ ያቺን ቃል አስተካክላት፦ «ባለፈው አውቀዋለሁ ያልኩት መልኩን ነው። ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። ይህ ይጻፍልኝ።» እውነቱ ይህ ከሆነ ብቻ፤ ሌላ ነገር አትጨምር።

ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አንብብ። እጅህ ከተንቀጠቀጠ «ያንብቡልኝ» በል። ያላልከው ነገር ካለ ሳይታረም አትፈርም። ማንም ጥፋተኛ ነኝ ብለህ እንድታምን ሊያስገድድህ አይችልም፤ በግዳጅ የተገኘ ቃል በማስረጃነት ተቀባይነት የለውም።

ካሰሩህስ? ምክንያቱን በሚገባህ ቋንቋ ሊነግሩህ ግድ ነው። በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት ያቀርቡሃል። ለጉዞ የሚፈጀው ጊዜ አይቆጠርም፤ ከመንዝ ገጠር የተያዘ ሰው ዳኛ ፊት እስኪደርስ ቀኑ ሊረዝም ይችላል። አንተ ግን ከተማ ነህ። እናትህ የገባህበትን ሰዓት ትጻፍ። ዘመድም ጠበቃም ሊጎበኝህ መብትህ ነው። ዋስትና መጠየቅም ትችላለህ፤ ሕግ የሚከለክልባቸው ጉዳዮች ቢኖሩም ዳኛው ፊት ጠይቅ።

ለጠበቃ ገንዘብ ከሌለህ በዚህ ሳምንት ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሄደህ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጡ እንደሆነ ጠይቅ። እሑድ ማታ አትሂድ፣ አሁኑኑ።

ሰኞ ጠዋት ቁርስህን ብላ። ጋቢህን ደርብ፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቀዋለህ። የእናትህን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፈህ ኪስህ ውስጥ አድርግ፤ ሞባይልህ እጅህ ላይ ላይቆይ ይችላል። ስትወጣ ጻፍልኝ፣ እጠብቃለሁ።