«ለቤት ቅርብ» በእንግሊዝኛ፦ ጥያቄና መልስ

እንግሊዝኛ ተናጋሪ ለቤቱ ቅርብ የሆነውን ነገር በምን ቃል ይገልጸዋል? ያንኑ ቃል ስሜቱን ለመግለጽ ሲያውለውስ ምን ማለቱ ነው? በዚህ ላይ ለቀረቡት ጥያቄዎች መልሱ ከዚህ በታች አለ። እንግሊዝኛው በፊደላችን የተጻፈው እንደ አነባበቡ ነው።

ጥያቄ፦ «ከቤቴ ቅርብ ነው» ለማለት «ኒር ፍሮም ማይ ሃውስ» ብዬ ብጽፍ ተሳስተሃል ተባልኩ። የቱ ጋ ነው ስህተቱ?

መልስ፦ «ፍሮም» ላይ ነው። አማርኛ ቅርቡንም ሩቁንም በ«ከ» ያስኬዳል፤ «ከቤቴ ቅርብ»፣ «ከቤቴ ሩቅ» እንላለን። እንግሊዝኛ ግን ይለያቸዋል። «ኒር» ስሙን በቀጥታ ያስከትላል፦ «ኒር ማይ ሃውስ»። «ክሎስ» ደግሞ «ቱ»ን ይፈልጋል፦ «ክሎስ ቱ ማይ ሃውስ»። «ፍሮም» የሚመጣው ርቀት ሲነገር ነው፦ «ፋር ፍሮም ማይ ሃውስ»፣ «ቱ ኪሎሜተርስ ፍሮም ማይ ሃውስ» (እዚህ «ቱ» ቁጥሩ ሁለት ነው)። ስለዚህ አረፍተ ነገሩን ከመጻፍህ በፊት በልብህ «ለቤቴ ቅርብ» በል፤ «ለ» ራሱ ወደ «ቱ» ይመራሃል።

ሁለት ተመሳሳይ ቃላትም ያሳስታሉ። «ኒርባይ» ብቻውን የሚቆም ነው፦ «ኢዝ ዜር ኤ ፋርማሲ ኒርባይ?» በዚህ አቅራቢያ መድኃኒት ቤት አለ ወይ ማለት ነው፤ ከኋላው «ማይ ሃውስ» አይጨመርበትም። «ኒርሊ» ደግሞ «ሊሆን ጥቂት ቀረው» ማለት ነው እንጂ የቦታ ቅርበትን አያሳይም። «አይም ኒርሊ ሆም» ያለ ሰው ገና መንገድ ላይ ነው፤ ቤቱ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል።

ጥያቄ፦ «ክሎዝ» ነው ወይስ «ክሎስ»?

መልስ፦ በእንግሊዝኛው አጻጻፍ አንድ ናቸው፤ ሲነበቡ ግን ይለያያሉ። በሩን «ዝጋ» ሲሆን በ«ዝ» ነው፣ «ቅርብ» ሲሆን በ«ስ»። ሲወዳደርም «ክሎሰር» ነው፣ «ክሎዘር» አይደለም። ብዙዎቻችን ሁለቱንም በ«ዝ» እንጠራቸዋለን። መታረሙ ቀላል ስለሆነ ዛሬውኑ ይታረም።

ጥያቄ፦ «ጎ ሆም» ሲባል «ቱ» የሌለው ለምንድን ነው? «ክሎስ ቱ ሆም» ላይ ግን አለ።

መልስ፦ የራሳችንን ቋንቋ አዳምጡት። «ቤት ሄደ»፣ «ቤት ገባ» እንላለን እንጂ ሁልጊዜ «ወደ ቤት» አንልም። የእንግሊዝኛው «ሆም»ም እንዲሁ አቅጣጫውን በራሱ ይዟል፦ «ጎ ሆም»፣ «ከም ሆም»፣ «ጌት ሆም»። «ጎ ቱ ሆም» የሚለው ስህተት የሚመጣው «ወደ» የሚለውን ቃል በቃል ስንመልስ ነው። የማን ቤት እንደሆነ ሲገለጽ ግን «ቱ» ይመለሳል፦ «ቱ ሂዝ ፓረንትስ ሆም»። «ክሎስ ቱ ሆም» ላይ ያለው «ቱ» ደግሞ የ«ሆም» አይደለም፤ ቀደም ብለን እንዳየነው የ«ክሎስ» ነው።

ከዚሁ ጋር፦ በር ከፍቶ የሚገባ ሰው «አይም ሆም!» ይላል፤ መጣሁ ማለቱ ነው። የት ነህ ተብሎ በስልክ ሲጠየቅ ግን «አይም አት ሆም» ማለቱ አያሳስተውም። አሜሪካውያን እዚህም ላይ «አት»ን ብዙ ጊዜ ይተዉታል።

ጥያቄ፦ «የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው» ለማለትስ?

መልስ፦ «ኢትስ ኤ ፋይቭ ሚኒት ዎክ»። እዚህ ላይ «ሚኒት» ብዙ ቁጥር አይሆንም፤ በጽሑፍ «ፋይቭ»ና «ሚኒት» በአጭር ሰረዝ ይያያዛሉ። ወይም «ኢትስ ፋይቭ ሚኒትስ አወይ»፤ እዚህ ብዙ ቁጥር ነው። «ፋይቭ ሚኒትስ ፋር» ግን አይባልም፤ ቁጥር ካለ «አወይ» እንጂ «ፋር» አይከተልም። በዕለት ተዕለት ንግግር «ፋር» ብቻውን ይበልጥ የሚሰማው በጥያቄና በአሉታ ነው፦ «ኢዝ ኢት ፋር?»፣ «ኢትስ ኖት ፋር»። ሩቅ ነው ለማለት «ኢትስ ኤ ሎንግ ወይ» ይቀናቸዋል።

ጥያቄ፦ አሜሪካ የሚከራይ ቤት እየፈለግኩ ነው። ማስታወቂያው «ዎኪንግ ዲስታንስ»፣ «ኤ ስቶንስ ትሮው»፣ «ቱ ብሎክስ» ይላል። ስንት ሜትር ነው?

መልስ፦ አንዳቸውም የተወሰነ ልክ የላቸውም። «ዎኪንግ ዲስታንስ» በእግር ይደረሳል ከማለት አያልፍም፤ አሥር ደቂቃም ሠላሳ ደቂቃም ሊሆን ይችላል። «ኤ ስቶንስ ትሮው» ቃል በቃል የድንጋይ ውርወራ ነው። ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በሉቃስ ወንጌል 22፥41 የምናውቀው ነው። የቤት ማስታወቂያ ላይ ግን ማሻሻጫ ቃል ነውና አትመኑት።

«ብሎክ» የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ውስጥ ብሎክ ሲባል የኮንዶሚኒየም ሕንፃ ነው፤ እንግሊዝ አገርም ቃሉ ሕንፃን ያመለክታል። የአሜሪካው ግን ከአንድ የመንገድ መገናኛ እስከሚቀጥለው ያለው ነው። ኒውዮርክ፣ ማንሃተን ውስጥ ከደቡብ ወደ ሰሜን ሲኬድ 20 ብሎክ ወደ አንድ ማይል ይጠጋል፤ አንዱ 80 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያሉት ግን በጣም ይረዝማሉ፤ ሌላ ከተማ ሲኬድ ደግሞ ልኩ ይለወጣል። ስለዚህ አድራሻውን ተቀብለው በካርታ ላይ የእግር መንገዱን በደቂቃ ይለኩ። «ሾርት ድራይቭ» (በመኪና ቅርብ) የሚል ካዩ መኪና ከሌለዎት ይለፉት።

ጥያቄ፦ የሥራ ባልደረባዬ ስለ አንዲት የታመመች እናት ዜና ሳወራ «ዛት ሂትስ ክሎስ ቱ ሆም» አለችኝ። ቤቷ አጠገብ የሆነ ነገር መስሎኝ ነበር።

መልስ፦ ቤቷ ሳይሆን ሕይወቷ ነው የተነካው። «ነገሩ የራሴንም ቁስል ነካ» እንደማለት ነው። ምናልባት የእርሷም እናት ታማ ይሆናል። «ቱ ክሎስ ቱ ሆም» ካለች ደግሞ (የፊተኛው «ቱ» «ከመጠን በላይ» ማለት ነው) ከሚገባው በላይ ነክቷታልና ወሬውን መለወጥ ይሻላል። የት ሰፈር ነው የምትኖሪው ብሎ መጠየቅ ያስከፋል።

አሠራሩን እንይ። ባለቤቱ ነገሩ ነው እንጂ ሰው አይደለም፤ ዜናው፣ ቀልዱ ወይም ንግግሩ «ሂትስ ክሎስ ቱ ሆም»። «አይ ሂት ክሎስ ቱ ሆም» ማለት ትርጉሙን ያበላሸዋል። «ሂት ሆም» የሚለው አጭሩም ሌላ ነው፤ ነገሩ ዘልቆ ገባ፣ በደንብ ተሰማ ማለት ነው፤ የግል ቁስል መኖሩን አያሳይም። ምክር «ሂት ሆም» ሊሆን ይችላል፤ የጎረቤት ፍቺ የራሱ ትዳር ለተናጋ ሰው «ሂትስ ክሎስ ቱ ሆም» ይሆናል።

ዜና አንባቢ «ክሎሰር ቱ ሆም» ሲል ግን ስሜት የለበትም። ከውጭ አገር ወሬ ወደ አገር ውስጡ መሻገሩ ነው።

ጥያቄ፦ «ኢን ዘ ኔበርሁድ ኦቭ ፋይቭ ሃንድረድ ዶላርስ» ሲባል ሰፈር ምን አገባው?

መልስ፦ «500 ዶላር አካባቢ» ማለት ነው። አማርኛም በ«አካባቢ» ያንኑ አድርጓል።

ጥያቄ፦ ሆስፒታል የሰጡኝ ቅጽ ላይ «ኔክስት ኦቭ ኪን» ይላል፤ ጎረቤቴን ልጻፍ?

መልስ፦ ጎረቤት «ኔክስት ዶር» ነው፤ ያውም ግድግዳው ወይም አጥሩ የሚገናኘው ብቻ። «ኔክስት ኦቭ ኪን» የቅርብ ዘመድ ነው፦ ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ ወላጅ፣ ወንድም፣ እኅት። በአገሩ ዘመድ ከሌለዎት ባዶ አይተዉት፤ ወዳጅ ማስመዝገብ ይቻል እንደሆነ እዚያው ያለውን ሠራተኛ ይጠይቁ። በብሪታንያ ሆስፒታሎች ይቻላል። «ኢመርጀንሲ ኮንታክት» (በአስቸኳይ ጊዜ የሚጠራ ሰው) የሚል ሌላ ቦታ ካለ ግን ጎረቤትዎ ፈቃደኛ ከሆነ የእርሱን ስልክ እዚያ ይጻፉ፤ ቶሎ ሊደርስልዎ የሚችለው እርሱ ነው።