ስታንድአሎን ኤክስኤምኤል ላይ የቀየርኩት ቁጥር ለምን ተመልሶ ይጠፋል?

የወንድማችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ዋይልድፍላይ ላይ የዳታሶርሱን ፑል ከ20 ወደ 50 ለማሳደግ ስታንድአሎን ኤክስኤምኤልን በእጄ አስተካከልኩ። ሪስታርቱን ለማታ አቆየሁት። ማታ ፋይሉን ስከፍት 20 ሆኖ ጠበቀኝ። ማንም አልነካውም ይላሉ። ሲኤልአዩን ልልመድ ወይስ በአድሚን ኮንሶሉ ልቀጥል?»

ለአዲስ አንባቢ፦ ዋይልድፍላይ የጃቫ አፕሊኬሽኖችን የሚያስኬድ ሰርቨር ነው፤ ስታንድአሎን ኤክስኤምኤል የኮንፊገሬሽኑ ፋይል ነው፤ የዳታሶርስ ፑል ማለት አፕሊኬሽኑ እየተበደረ የሚመልሳቸው የዳታቤዝ ኮኔክሽኖች ስብስብ ነው፤ ሰርቨሩ የሚታዘዘው ወይ በሲኤልአይ (በጽሑፍ ትዕዛዝ) ወይ በአድሚን ኮንሶሉ (በብራውዘር) ነው።

አልነካንም ያሉህ ሰዎች አልዋሹህም። ፋይልህን የጻፈበት ራሱ ሰርቨሩ ነው።

እኔም ጋ ደርሷል፣ ያውም በባሰ ሁኔታ። ቁጥሩን ቀይሬ ከላዩ ላይ በኮሜንት «ሳትነግሩኝ ይህን እንዳትነኩ» ብዬ ጻፍኩ። በሁለተኛው ቀን ቁጥሩም ማስጠንቀቂያውም የሉም። አጠገቤ የሚሠራውን ልጅ ጠረጠርኩና ለሦስት ቀን አብሬው ቡና አልወጣሁም። ለካ እሱ ያደረገው አዲስ ዋር ፋይል (የታሸገ አፕሊኬሽን) በኮንሶሉ ዲፕሎይ ማድረግ፣ ማለት ሰርቨሩ ላይ መጫን ብቻ ነበር። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ አሁንም ያነሳብኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጄቦስ 7 በ2011 እ.ኤ.አ. ሲወጣ (ጄቦስ የዚሁ ሰርቨር የድሮ ስሙ ነው፤ ዋይልድፍላይ የሚለው ከ8ኛው ቨርዥን ጀምሮ የመጣ ነው) የአስተዳደሩ አሠራር ከሥሩ ተቀይሯል። ሰርቨሩ ፋይሉን የሚያነበው ሲነሳ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገር በሚሞሪ ይዞ ይሠራል። በኮንሶልም ሆነ በሲኤልአይ አንድ ነገር በተቀየረ ቁጥር ሚሞሪ ላይ ያለውን ሙሉውን መልሶ ፋይሉ ላይ ይጽፋል። አንተ በእጅህ የጻፍካት 50 ሚሞሪ ውስጥ ገብታ አታውቅም፤ ስለዚህ ትጠፋለች። ኮሜንቱም እንደዚያው። በኮንሶል ወይም በሲኤልአይ ዲፕሎይ የተደረገ አፕሊኬሽን ስሙ እዚያው ፋይል ላይ ስለሚመዘገብ፣ አንድ ዲፕሎይ ብቻውን ያንተን ሥራ ለመደምሰስ ይበቃል። በአንጻሩ ዋሩን ዲፕሎይመንትስ ፎልደር ውስጥ የጣለ ሰው ፋይሉን አያስነካም። አንዴ ጠፍቶ አንዴ የማይጠፋው፣ እኛንም የሰይጣን ሥራ የሚያስመስልብን ይኸው ነው። ኮንፊገሬሽን ፎልደሩ ውስጥ የድሮ ቅጂዎች የሚቀመጡበት የታሪክ ፎልደር አለ፤ የፋይሎቹን ሰዓት እይ፣ በዚያ ሰዓት ማን ምን ዲፕሎይ እንዳደረገ ትደርስበታለህ።

ስለዚህ መልሴ፦ ሲኤልአዩን ልመድ። ኮንሶሉ ለማየት ጥሩ ነው፣ እኔም ለማየት እጠቀምበታለሁ። ግን ኮንሶል ላይ የተጫንከውን በሚቀጥለው ወር ለሌላ ሰርቨር መድገም ሲኖርብህ የቱን እንደተጫንክ አታስታውስም።

ሲኤልአዩ ቢን ፎልደር ውስጥ ነው ያለው፣ ጄቦስ-ሲኤልአይ የሚባለው። ኮኔክት ከሚለው ኦፕሽን ጋር ታስነሳዋለህ፣ በ9990 ፖርት ይገናኛል። ያንተ ትዕዛዝ ይህን ይመስላል፦

/ሰብሲስተም=ዳታሶርስስ/ዳታ-ሶርስ=ክፍያዲኤስ:ራይት-አትሪቢዩት(ኔም=ማክስ-ፑል-ሳይዝ,ቫልዩ=50)

ከስልክ ስለምጽፍ በፊደላችን አሰፈርኩት፣ አንተ በላቲን ተይበው፤ የዳታሶርሱንም ስም በራስህ ተካ። መጀመሪያ ሲታይ ያስፈራል፣ ግን እንደ ቤት አድራሻ አንብበው፦ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር። በእዝባር እዝባር ወደ ውስጥ ትገባለህ፤ ቤቱ ስትደርስ ሁለት ነጥብ ታደርግና ምን እንዲደረግ እንደምትፈልግ ትናገራለህ። በቃልህ አትያዝ፣ ታብ ስትጫን ቀጣዩን ራሱ ይዘረዝርልሃል። እኔ ስንት ዓመት ሠርቼበት አሁንም ታብ ነኝ።

«ሰክሰስ» ሲል ቶሎ አትዝጋው። ከሥሩ «ሪሎድ-ሪኳየርድ» የሚል ካለ ለውጡ ተመዝግቧል እንጂ ሥራ ላይ አልዋለም ማለት ነው። ሪሎድ ደግሞ አፕሊኬሽኖቹን አውርዶ ያነሳል፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሰው ተሰልፎ እያለ የሚደረግ አይደለም።

አሁን ወደ ራሱ ቁጥር ልምጣ፤ ከጠየቅከው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። 50 ለምን አስፈለገ? ሎጉ ላይ 30 ሰከንድ ጠብቆ «ኮኔክሽን የለም» የሚል እየወጣ ከሆነ፣ ወይ በእርግጥ ተጠቃሚ በዝቷል፣ ወይ ኮዱ ኮኔክሽን ተበድሮ አይመልስም። ሁለተኛው ከሆነ 50 ማድረግ ለማይመልስ ሰው ብድር መጨመር ነው፤ ፑሉ ማክሰኞ በማለቅ ፈንታ ሐሙስ ያልቃል። መለየቱ ቀላል ነው። ዳታሶርሱ ላይ ስታቲስቲክስ-ኢኔብልድ የሚለውን ትሩ አድርግ፣ ከዚያ ከዳታሶርሱ አድራሻ ቀጥለህ «/ስታቲስቲክስ=ፑል» ጨምርና በሪድ-ሪሶርስ አንብበው፣ ኢንክሉድ-ራንታይም የሚለውን ትሩ ማለት አትርሳ። ኢንዩዝካውንት አሁን በሥራ ላይ ያለውን፣ ማክስዩዝድካውንት እስካሁን የደረሰበትን ጣሪያ ይነግርሃል። እኛ ጋ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ አንድም ተጠቃሚ በሌለበት፣ ኢንዩዝ 17 ሲለን ነው የገባን። አንድ የሪፖርት ክላስ ስህተት ሲገጥመው ኮኔክሽኑን ሳይዘጋ ይወጣ ነበር። ኮዱን አስተካክለን ፑሉን በ20 ተውነው።

ቁጥሩን ከፍ የምታደርግ ከሆነም ዳታቤዙን አስቀድመህ ጠይቅ። ዳታቤዝህ ፖስትግሬስ ከሆነ፣ ካልተቀየረ በቀር የሚቀበለው 100 ኮኔክሽን ነው። ሦስት ሰርቨር በ50 ሲባዛ 150 ነው፤ ሒሳቡን ራስህ ጨርሰው።

ሲኤልአይ ስትጀምር የምትገጥምህ አንዲት ወጥመድ አለች። እዚያው ማሽን ላይ ሆነህ ስትገናኝ በመደበኛው አሠራር ፓስወርድ አይጠይቅም፤ ሰርቨሩ ቴምፕ ፎልደሩ ውስጥ የሚጽፋትን ትንሽ ፋይል ሲኤልአዩ ማንበብ ከቻለ ያሳልፈዋል። ሰርቨሩ በአንድ ዩዘር ተነስቶ አንተ በሌላ ዩዘር ከገባህ ግን ፋይሏን ማንበብ አትችልም፣ ዩዘርኔም ይጠይቅሃል። እኔ የማሽኑን ፓስወርድ፣ የዳታቤዙን፣ ያለኝን ሁሉ እየሞከርኩ ግማሽ ቀን ፈጅቻለሁ። መፍትሔው ሰርቨሩ በሚሠራበት ዩዘር ሆኖ ሲኤልአዩን ማስነሳት ነው። ከቤትህ መሥራት ካለብህ ደግሞ በኤስኤስኤች ቦይ (በተመሰጠረ የርቀት ግንኙነት) ግባ፤ 9990ን ለኢንተርኔት የከፈተ ሰው ቁልፉን በር ላይ ሰቅሎ እንደሄደ ነው። ትልቅ ዋርም ከቤት በቀጥታ ዲፕሎይ አታድርግ። ሲኤልአዩ ፋይሉን የሚልከው አንተ ካለህበት ማሽን ስለሆነ፣ መሀል ላይ ኔት ከተቋረጠ ከዜሮ ትጀምራለህ። አስቀድመህ በአርሲንክ (ፋይል ኮፒ ማድረጊያ ፕሮግራም ነው) ሰርቨሩ ላይ ኮፒ አድርገውና እዚያው ሆነህ ዲፕሎይ በለው። የቆየውን ለመተካት ፎርስ የሚለው ኦፕሽን አለ።

ትዕዛዞቹን ከለመድክ በኋላ አንድ ፋይል ላይ ጽፈህ ጊት (የፋይሎችን ለውጥ ታሪክ የሚይዝ ፕሮግራም) ውስጥ አስገባቸው፣ ፋይል በሚለው ኦፕሽን በአንዴ ታስኬዳቸዋለህ። መጀመሪያው ላይ ባች፣ መጨረሻው ላይ ራን-ባች ብትል አንዱ ከወደቀ ሁሉም ይመለሳሉ፣ ሰርቨሩ ግማሽ ተቀይሮ ግማሹ አይቀርም። ኤክስኤምኤሉ ላይ ልጽፍ የሞከርኩት ዓይነት ማስጠንቀቂያ አሁን የምጽፈው እዚህ ስክሪፕት ውስጥ ነው፣ ከመስመሩ ፊት ሀሽ (#) አድርጌ፤ ማንም አላጠፋብኝም። የዳታቤዝ ፓስወርድ ግን እዚያ አትጻፍ። በቀጥታ ስትተይበውም ሲኤልአዩ የተየብከውን ሁሉ ሆም ፎልደርህ ውስጥ በሂስትሪ ፋይል እንደሚያስቀምጥ እወቅ።

ዛሬ ምንም ከመንካትህ በፊት ቴክ-ስናፕሾት ብለህ ያለውን አስቀምጥ። ከዚያ ስታቲስቲክሱን ከፍተህ አንድ ሌሊት አሳድረውና የጠዋቱንና የሌሊቱን ኢንዩዝካውንት እዚህ ለጥፍልን፣ 50 ይሁን አይሁን ያኔ እንነጋገራለን።