መልስ፦ አንጎላ ነፃ ልትወጣ ስትል ለምን እርስ በርስ ተፋጀች?

"መንስኤው ጎሳ ነው ወይስ የኃያላኑ ጣልቃ ገብነት?" ብለህ ጠይቀሃል። ሁለቱም አሉበት። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ቅኝ ገዢዋን ፖርቱጋልን ነው።

ለነፃነት ይታገሉ የነበሩት ሦስቱ ድርጅቶች ደጋፊያቸው ለየቅል ነበር፤ ኤፍኤንኤልኤ በሰሜን ባኮንጎዎች፣ ዩኒታ በመሃሉ ደጋ ኦቪምቡንዱዎች፣ ኤምፒኤልኤ በዋና ከተማዋ በሉዋንዳና በዙሪያዋ። ግን የዩኒታ መሪ ሳቪምቢ ዩኒታን ከማቋቋሙ በፊት የኤፍኤንኤልኤ ሰው ነበር። የሥልጣን ሽኩቻውን ሁሉ በጎሳ መተርጎም አያስኬድም።

ነገሩን ያከረረው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1975 ፖርቱጋልና ሦስቱ ድርጅቶች የፈረሙት የአልቮር ስምምነት ነው። ነፃነቱ ለኖቬምበር 11 ተቆረጠ፤ ከዚያ በፊት ምርጫ ይደረጋል ተባለ። እያንዳንዱ ድርጅት ለጋራ ጦሩ 8,000 ወታደር እንዲያዋጣ ተስማሙ። ወረቀቱ ላይ ያምራል። ግን ማን ያስፈጽመው? የፖርቱጋል መንግሥት በራሱ አገር አብዮት ተወጥሯል። ስለዚህ ሁሉም ያሰላው አንድ ነገር ነው፦ በዚያ ቀን ሉዋንዳን የያዘ መንግሥት ይሆናል። በማርች ከተማዋ ውስጥ ተኩስ በረታ፤ በጁላይ ኤፍኤንኤልኤ በኤምፒኤልኤ ተጠራርጎ ከከተማዋ ወጣ። ምርጫውም ውሃ በላው። ፖርቱጋልም በመጨረሻ ሥልጣኑን "ለአንጎላ ሕዝብ" አስረክቤያለሁ ብላ ሄደች፤ በርክክቡ ላይ ግን አንድም አንጎላዊ ተረካቢ አልነበረም!

ማኅበራዊውም ጎን አይረሳ። ሐኪሙም፣ መካኒኩም፣ ባለሱቁም በአብዛኛው ፖርቱጋላዊ ነበር። ከ200,000 በላይ ሰፋሪዎች ንብረታቸውን በጣውላ ሣጥን አሽገው ሲወጡ አስተዳደሩም ንግዱም ሽባ ሆነ።

ኩባና ሶቪየት፣ አሜሪካና ዛየር፣ ደቡብ አፍሪካም ጦርነቱን አገዘፉት እንጂ አልፈጠሩትም።