ስትረሱን ያመጣው ብረቱ ነው ወይስ ያሰርክበት መንገድ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ላላዩት ሰዎች ባጭሩ ልድገመው። 200 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው የአሉሚኒየም ሰሌዳ ከብረት ሰሌዳ ጋር በሙጫ ተጣብቋል። የሁለቱም ውፍረት 5 ሚሊሜትር ነው። ሙጫው የደረቀው ኦቨን ውስጥ በ120 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። አንተ ከ20 ወደ −60 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠረውን ስትረስ (ማቴሪያሉ ውስጥ የሚፈጠረውን ውስጣዊ ጫና) በኮምፒውተር ሲሙሌሽን ማስላት ፈለግክ። የብረቱን የታች ገጽ ሙሉ በሙሉ ፊክስድ አደረግክ፣ ማለትም በየትኛውም አቅጣጫ እንዳይንቀሳቀስ አሰርከው። ከዚያ ሜሹን (ሞዴሉ ለስሌት የሚከፋፈልባቸውን ትንንሽ ክፍሎች) ባደቀቅክ ቁጥር ሁለቱ በተጣበቁበት ጠርዝ ጥግ ላይ ያለው ስትረስ እየጨመረ አልቆም አለህ። "የማቴሪያል ዳታዬ ተሳስቶ ይሆን?" ነው ያልከው።

ዳታህ ደህና ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

መኮማተር ብቻውን ስትረስ አይፈጥርም። አንድ ወጥ ብረት ሳይታሰር፣ ሁሉም ቦታው እኩል ከቀዘቀዘ፣ የፈለገውን ያህል ቢያጥር ስትረሱ ዜሮ ነው። ስትረስ የሚመጣው ማጠር ፈልጎ ሲከለከል ነው። የሚከለክለው ሰፖርት (ያሰርክበት ቦታ) ሊሆን ይችላል፣ የተጣበቀበት ሌላ ማቴሪያል ሊሆን ይችላል፣ ወይም አንዱ ጎኑ ቀድሞ መቀዝቀዙ ሊሆን ይችላል። አንተ የምትፈልገው ሁለተኛውን ነው። ሞዴልህ ውስጥ ግን የገነነው የመጀመሪያው ነው።

በእጅ እናስላው። ብረት በእያንዳንዱ ዲግሪ፣ በእያንዳንዱ ሜትር ወደ 12 ማይክሮሜትር ያጥራል። 80 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ስትሬኑ (ያጠረው ከጠቅላላ ርዝመቱ አንጻር) 0.00096 ይሆናል። በብረቱ ግትርነት (የንግ ሞዱለስ)፣ በ200 ጊጋፓስካል፣ ስታባዛው 192 ሜጋፓስካል ነው። ገጹ በሁለት አቅጣጫ ስለታሰረ፣ ፖይሰን ሬሾን (በአንድ አቅጣጫ ሲሳብ በጎን የሚቀጥንበትን መጠን) 0.3 ብለን፣ ከ1 ቀንሰን፣ በ0.7 እናካፍለው። 274 ሜጋፓስካል መጣ! አሉሚኒየሙን ነቅለህ ብትጥለው እንኳ ይሄ ቁጥር እዚያው ይጠብቅሃል። እውነተኛው ሰሌዳ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ደግሞ ይሄ ስትረስ ጭራሽ የለም።

ፊክስዱ ሌላም ጉዳት አለው። አሉሚኒየም በዲግሪ 23 ማይክሮሜትር ገደማ ስለሚያጥር ሰሌዳው ወደ አሉሚኒየሙ በኩል መጉበጥ ይፈልጋል። መጉበጡ ስትረሱን በከፊል ያቀልለታል። አንተ ግን ታች ቸንክረህ ይዘኸዋል።

ስለዚህ ፊክስዱን አንሳውና በ3-2-1 እሰረው። አንድ ነጥብ በሶስቱም አቅጣጫ፣ ሁለተኛው በሁለት፣ ሶስተኛው በአንድ። ይሄ ሞዴሉ እንዳይንሳፈፍ ይይዘዋል እንጂ ማጠሩንም መጉበጡንም አይከለክልም። ከዚያ እኔ ሁሌም የማልዘለውን ፈተና አድርግ፦ ሙጫውንም ጨምሮ ለሁሉም ማቴሪያል አንድ አይነት የመስፋፋት ኮፊሸንት (በዲግሪ የሚሰፋበትን ወይም የሚያጥርበትን መጠን) ስጥና ሲሙሌሽኑን አስኪደው። ስትረሱ በሁሉም ቦታ ዜሮ መሆን አለበት። በስትረስ ሥዕሉ ላይ የሆነ ቦታ ከዜሮ የተለየ ቀለም ካየህ፣ እዚያ ሰፖርትህ እየጎተተው ነው።

አሁን ወደ ጥጉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳምንታት ያባክናል። ሁለት የተለያዩ ማቴሪያሎች የሚጋጠሙበት መስመር ነጻ ጠርዝ ላይ ሲደርስ፣ የኢላስቲክ ቲዮሪ (ስሌቱ የቆመበት ንድፈ ሐሳብ) ራሱ ስትረሱን ወሰን የለሽ ያደርገዋል። ስለዚህ ሜሹን ብታደቅቀው ቁጥሩ መቼም አይረጋም። የዚያን ነጥብ ከፍተኛ ቁጥር ሪፖርት ላይ አትጻፈው፣ እባክህ። ሙጫውን እንደ ራሱ ውፍረት አስገባው፣ ከጠርዙ የተወሰነ ርቀት ወስነህ እዚያ አንብብ፣ ዲዛይኖችን ስታወዳድርም ሜሹን አትቀይር።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ግን 120 ዲግሪው ነው። ሙጫው የጠጠረው እዚያ ከሆነ፣ ስትረስ የሌለበት ሙቀት እሱ ነው እንጂ 20 አይደለም። ሶፍትዌሩ የክፍል ሙቀትን እንደ መነሻ ስለሚወስድ ማንም አያየውም። እውነተኛው ልዩነት 80 ሳይሆን 180 ዲግሪ ነው። ስትረስህ 2.25 እጥፍ ሊሆን ነው። (ወደ ፈሳሽ ናይትሮጅን የምትወርድ ከሆነ ደግሞ ኮፊሸንቱን ቋሚ አታድርገው። አሉሚኒየም ከክፍል ሙቀት እስከ −196 የሚያጥረው 0.39 በመቶ ገደማ ነው፤ በ23 ካሰላኸው 0.5 ይሰጥሃል።)

ይሄን በሰሌዳው ራሱ ማረጋገጥ ትችላለህ። የሜካኒክስ ሊቁ ቲሞሼንኮ እ.ኤ.አ. በ1925 ለባይሜታል (ለተጣበቁ ሁለት ብረቶች) ያወጣውን ቀመር ተጠቀም። ከ120 ወደ 20 ሲወርድ፣ የ200 ሚሊሜትሩ ሰሌዳ መሃሉ ላይ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊሜትር መጉበጥ አለበት። ከኦቨን የወጣውን ሰሌዳ አሉሚኒየሙን ወደ ላይ አድርገህ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አጋድምበትና ክፍተቱን በፊለር ጌጅ (ውፍረታቸው በታወቀ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች) ለካ። ከዚያ ያነሰ ካገኘህ ሙጫው በመሃል ላልቷል ማለት ነው። ያኔ የለካኸውን ጉብጠት የሚሰጥህን መነሻ ሙቀት ከቀመሩ ወደ ኋላ አስላና ሞዴሉ ውስጥ እሱን አስገባ። ውጤቱን ስታገኝ እዚሁ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።