ስንት ዲግሪ ላይ?

ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠሩ ውድ ልጆቼ፣

ጉንፋን ሲይዘን «ብርድ መታኝ» እንላለን። ባዮሎጂ የቀመሰ ወጣት ይሄን ሲሰማ ይስቃል። «የሚያመጣው ቫይረስ ነው እንጂ ብርድ አይደለም» ይላል። ልክ ነው፤ ግን ለመሳቅ ትንሽ ቸኩሏል።

ብዙውን ጊዜ ጉንፋን የሚያስይዘን ራይኖቫይረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ተለይቶ ቢታወቅም ላቦራቶሪ ውስጥ ማሳደጉ አስቸጋሪ ነበር። በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ተመራማሪዎቹ እነ ዴቪድ ታይሬል ኢንኩቤተሩን (ሴሎች በተመጠነ ሙቀት የሚያድጉበትን ሣጥን) ወደ 33 ዲግሪ ዝቅ አደረጉት፤ ሌሎች ማስተካከያዎችም ጨመሩበት። ያኔ ቫይረሱ እሺ አለ። የሚገርመው፣ ቀዝቃዛ አየር ስንስብ የአፍንጫችን ውስጥም እዚያው አካባቢ ነው። ሳንባችን ግን 37 ነው።

ታዲያ ቫይረሱ ሙቀት አይወድም ብለን እንዝጋው? እኛም ለብዙ ዓመት እንዲህ ስንል ኖረናል። እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ እነ ኤለን ፎክስማንና አኪኮ ኢዋሳኪ ጥያቄውን ገለበጡት። የአይጥ መተንፈሻ ሴሎችን በቫይረሱ አስያዙ። በ37 ዲግሪ ሴሎቹ ቶሎ ነቁ፤ ኢንተርፌሮን የተባለውን የማንቂያ ፕሮቲን በብዛት አመረቱ። በ33 ግን ምላሹ ደካማ ነበር። ቀጥሎ ያደረጉትን ነው ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው። ይህ የመከላከያ መስመር በዘረመል የተቋረጠባቸውን ሴሎች ወስደው ሙከራውን ደገሙት። ቫይረሱ በ37ም በደንብ ተራባ። ለካ ሙቀቱን የሚፈራው ያን ያህል አይደለም፤ የሚያስቸግረው ሙቀቱ የሚያነቃው መከላከያ ነው።

ነገሩ በዚህ አላለቀም። በ2016 ያው ቡድን በሰው ሴሎች ላይ ሲሠራ፣ ኢንተርፌሮን ባይኖርም 37 ዲግሪ ቫይረሱን እንደሚያዳክመው አየ። የተያዙት ሴሎች ቀድመው ይሞታሉ፤ ቫይረሱ ሳይበዛ ቤቱ ይፈርስበታል።

ደግሞ ይሄን ይዛችሁ ሁሉም ቫይረስ እንዲህ ነው እንዳትሉ። የወፍ ኢንፍሉዌንዛ 40 ዲግሪ አካባቢ በሆነ የወፍ አንጀት ውስጥ ነው የለመደው፤ የእኛ አፍንጫ ይቀዘቅዘዋል። በአፍንጫ የሚረጨው የኢንፍሉዌንዛ ክትባትም ሆን ተብሎ 25 ዲግሪን እንዲለምድ የተደረገ ቫይረስ ነው። አፍንጫ ውስጥ ይራባል፣ ሳንባ ሲደርስ ይደክማል።

ስለዚህ ጥናት ስታነቡ ከመደምደሚያው በፊት የአሠራሩን ክፍል ክፈቱ። ስንት ዲግሪ ላይ? በየትኛው ሴል? የራሳችሁን ሥራ ደግሞ 33 ላይም 37 ላይም ሞክሩት። ሁለተኛ ኢንኩቤተር ከሌላችሁ ጎረቤት ላቦራቶሪ ሄዳችሁ ለምኑ።