ቅድመ አያቴ «ሠረቀ» ናቸው ወይስ «ሰረቀ»?

ጥያቄ፦ የቅድመ አያቴ ስም በ1938 ዓ.ም. የመሬት ግብር ደረሰኝ ላይ «ሠረቀ ብርሃን»፣ በ1951 ዓ.ም. የፍርድ ቤት ወረቀት ላይ «ሰረቀብርሀን» ይላል። በደብሩ ወንጌል ኅዳግ ላይ ደግሞ የዚያው መሬት ባለቤት «ወልደ ጻድቅ» ነው። የአጎቴ ልጅ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው ብሎ ሞገተኝ። ትክክሉ የቱ ነው?

መልስ፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት የአጎትዎ ልጅ አልረታም። አማርኛ ሲነገር ሠ እና ሰ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃም እንዲሁ። ጸሐፊው የሰማውን ጻፈ እንጂ ባለስሙን ፊደል አልጠየቀም። ይቁጠሩት፦ ሠ በ2፣ ሃ በ6 መንገድ ሲጻፍ 12 ይሆናል፤ ሁለቱን ቃል ማጣበቅና መለያየት ሲጨመርበት 24። በኮምፒዩተር ሲፈልጉ አንዱን ብቻ ጽፈው «የለም» ብለው እንዳይመለሱ።

ትክክሉን ከጠየቁኝ በሠ ነው። በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ ፈነጠቀ ማለት ነው፤ «ምሥራቅ» የመጣው ከዚሁ ነው። «ሰረቀ» ግን ያው የምናውቀው ሌብነት ነው። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ሳያስበው ቅድመ አያትዎን የብርሃን ሌባ አደረጋቸው፤ የቅኔ ተማሪ ቢያየው ሳይስቅ አያልፍም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ነው። «ወልደ ጻድቅ» የክርስትና ስም ሊሆን ይችላል። ዳግማዊ ምኒልክ በክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም፣ ንግሥት ዘውዲቱም አስካለ ማርያም ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያን የምታውቀው በዚያ ነው። ግን «ሊሆን ይችላል» እንጂ «ነው» አላልኩም። ወንድም ወይም አባትም መሬቱን ይዞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የአባቱን ስም፣ ማዕረጉንና የመሬቱን አዋሳኞች ያነጻጽሩ። ማዕረግ ግን ይቀየራል፤ ባላምባራስ የነበረ ሰው ከዓመታት በኋላ ግራዝማች ሆኖ ይገኛል። ከቤተ ዘመድ ለጋብቻ ሲባል እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ ሽማግሌ ካሉ ከወረቀቱ አስቀድመው እሳቸውን ይጠይቁ። «የክርስትና ስማቸው ማን ነበር?» ብለው ይጀምሩ።

የዘር ሐረጉን ሲጽፉ በሠ ያድርጉት። ሰነዱን ሲገለብጡ ግን «ሰረቀብርሀን» የሚለውን እንዳለ ይተዉት፤ ካረሙት ነገ ዋናውን ወረቀት የሚፈልግ ዘመድዎ በዚያ ስም አያገኘውም።