ጣና ዳር፦ መሬቱ ተነሣ ወይስ ውኃው ወረደ?

የአንባብያን ጥያቄና የአዘጋጆቹ መልስ

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ዘጌ ጀልባ እነዳለሁ። በልጅነቴ ውኃ ውስጥ የነበሩ ድንጋዮች አሁን ግንቦት ሲደርስ ደረቅ ላይ ናቸው። ልጄ በትምህርት ቤት «በረዶ የቀለጠለት አገር መሬቱ እየተነሣ ነው» ሲባል ሰምቶ መጣና «የእኛም ተነሥቶ ይሆናል» ይለኛል። ይሆን?

መልስ፦ ድንጋዮቹ አልተነሡም፤ የወረደው ውኃው ነው። የጣና ወለል በዓመት ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍና ዝቅ ይላል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይጎድላል። የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ከተሠራና የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ በግንቦት 2002 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ከፍታውን የሚወስነው ዝናቡ ብቻ አይደለም።

ልጅዎ ያነሣው ጥያቄ ግን ሊናቅ የሚገባው አይደለም። ስዊድናዊው አንደርስ ሴልሺየስ እ.ኤ.አ. በ1731 በባልቲክ ዳርቻ፣ ጌቭሌ ከተማ አጠገብ በምትገኘው የሎቭግሩንድ ደሴት፣ የባሕሩን ወለል በድንጋይ ላይ አስቀርጾ ነበር። ባሕሩ ከምልክቱ በታች እየራቀ ሲሄድ «ውኃው እየቀነሰ ነው» አለ። የእርስዎ ልጅ ውኃው ሲወርድ መሬቱ የተነሣ መሰለው፤ ሴልሺየስ መሬቱ ሲነሣ ውኃው የወረደ መሰለው። ሁለቱን የሚለየው ፈተና ቀላል ነው። ውኃ ከወረደ በዳርቻው ሁሉ እኩል ይወርዳል፤ መሬት ሲነሣ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። በሰሜን ስዊድን የባሕር ዳርቻ በዓመት 1 ሴንቲሜትር ያህል ሲነሣ ደቡባዊው ጫፍ ከነበረበት እምብዛም አይነቃነቅም። ለጣናም ያው ነው፦ በባሕር ዳርና በጎርጎራ በኩል የሚነበበውን የውኃ ከፍታ ያስተያዩ። ነፋስ ውኃውን ወደ አንድ ዳር ስለሚገፋ የአንድ ቀን ንባብ አይበቃም፤ የብዙ ቀን አማካይ ይውሰዱ። የሁለቱ ልዩነት በዓመታት ውስጥ ካልተለወጠ መሬቱ ወደ አንድ ወገን አላጋደለም።

ጥያቄ፦ የሽምብጥ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። በረዶው ከቀለጠ 10 ሺህ ዓመት ገደማ ካለፈው መሬቱ እስካሁን ለምን ይነሣል? የስሜን ተራሮችም በረዶ ነበራቸው ይባላል፤ እነሱስ?

መልስ፦ ከ20 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በሰሜን አውሮፓና በካናዳ ላይ የተጋደመው በረዶ በአንዳንድ ቦታ 3 ኪሎሜትር ይወፍር ነበር። ከምድር ቅርፊት በታች ያለው ማንትል ጠጣር ዐለት ቢሆንም በሺህ ዓመታት ሲለካ እንደ ወፍራም ሊጥ ይፈሳል። ሸክሙ ሲጫነው ወደ ጎን ሸሸ፤ ሸክሙ ሲነሣለት ቀስ ብሎ እየተመለሰ ነው። መመለሱ መጀመሪያ ፈጣን ነበር፣ በኋላ እየዘገየ መጣ፤ አሁን የምናየው ጭራውን ነው። በካናዳ ሃድሰን ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ይህ ጭራ ዛሬም በዓመት ከ1 ሴንቲሜትር ያልፋል።

በስሜንና በባሌ በእርግጥ የበረዶ ግግር ነበር፤ ጠርጎ የከመረው ድንጋይ እስካሁን ይታያል። ነገር ግን ቀጭንና ጠባብ ነበር። ጠባብ ሸክም ቅርፊቱን አያጎብጠውም፤ በወፍራም ምሰሶ ላይ የተቀመጠ ቁና ማለት ነው። ያ የበረዶ ዘመን ለአገራችን ምን እንደነበረ ለተማሪዎችዎ ለማሳየት ግን የሚበልጥ ምሳሌ እዚያው ደጃችሁ አለ፦ ከሐይቁ ወለል በታች የተወሰደው የደለል ናሙና እንደሚያሳየው፣ የሰሜኑ በረዶ ገና ግዙፍ በነበረበት በዚያ ዘመን ጣና ደርቆ ነበር።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቅየሳ ተማሪ ነኝ። ጂፒኤስ ከፍታውን ከሰጠን በስካንዲኔቪያ የስበት መለኪያ ይዘው የሚዞሩት ለምንድን ነው?

መልስ፦ ጂፒኤስ መሬቱ መነሣቱን ይነግርዎታል፤ ከሥር ምን እንደገባ አይነግርዎትም። ስሌቱን ወረቀት ላይ ይሥሩት። ከምድር ማእከል 1 ሚሊሜትር ሲርቁ ስበት በ0.31 ማይክሮጋል ይቀንሳል (አንድ ማይክሮጋል የምድር ስበት አንድ ቢሊዮንኛ ያህል ነው)። መሬቱ አዲስ ነገር ሳይጨመርበት አብጦ ብቻ ቢሆን የሚለካው ይህ ቁጥር ነው። ከሥር የማንትል ዐለት ገብቶ ከሆነ ግን የገባው ዐለት ራሱ ይስባል። እፍግታው በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 3.3 ግራም ቢሆን ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር 0.14 ያህል ይመልሳል፤ የሚቀረው ቅነሳ 0.17 ነው። ከኖርዌይ እስከ ፊንላንድ በ63ኛው ዲግሪ ኬክሮስ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በተደጋጋሚ የተለካው መስመርና ኋላ የመጡት ፍጹም ግራቪሜትሮች (ከሌላ ቦታ ጋር ሳያነጻጽሩ ስበትን በቀጥታ የሚለኩ መሣሪያዎች) የሰጡት 0.16 አካባቢ ነው። ዐለቱ በእርግጥ እየተመለሰ ነው ማለት ነው። ይህን ማንም በዓይኑ አላየውም፤ ሁለት መሣሪያ ጎን ለጎን በመቆሙ ብቻ ታወቀ።

ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። በዓመት 1 ሴንቲሜትር የሚነሣ ቦታ ስበቱ የሚቀንሰው በ1.6 ማይክሮጋል ብቻ ነው። ኤፍጂ5 የተባለው ፍጹም ግራቪሜትር አየር በተወገደለት ቱቦ ውስጥ መስታወት 20 ሴንቲሜትር ያህል ይጥላል፤ አወዳደቁን በሌዘርና በሩቢዲየም ሰዓት ይለካል። ውርወራው በሺህ ጊዜ ተደጋግሞም ትክክለኛነቱ 2 ማይክሮጋል ገደማ ነው። ስለዚህ የአንድ ዓመት ለውጥ በስሕተቱ ውስጥ ይሰጥማል፤ ዐሥር ዓመት ሲጠበቅ ግን 16 ይሞላና ጎልቶ ይወጣል።

ጥያቄ፦ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። አንድ የስፕሪንግ ግራቪሜትር (በስፕሪንግ የሚሠራ የስበት መለኪያ) እና ሁለት ጂኦዴቲክ ጂፒኤስ (በሚሊሜትር የሚለካ የቅየሳ ጂፒኤስ) በውሰት አገኛለሁ። የጣና መሙላትና መጉደል መሬቱን ሲጫን መለካት እችላለሁ?

መልስ፦ በጂፒኤሱ አዎ፤ በግራቪሜትሩ ግን ሌላ ነገር ነው የሚለኩት። በመጀመሪያ የሚጠብቁትን ያስሉ። 3,000 ካሬ ኪሎሜትር ላይ 1.5 ሜትር ውኃ 4.5 ቢሊዮን ቶን ነው። በተለመደው የቅርፊት ጥንካሬ ሲሰላ ዳርቻው 5 ሚሊሜትር ገደማ ይሰምጣል። ከዳርቻው 100 ሜትር ርቆ ከውኃው 10 ሜትር ከፍ ባለ ነጥብ ላይ የውኃው ቀጥተኛ ስበት 2 ማይክሮጋል ብቻ ነው፤ ውኃው ከጎን እንጂ ከሥር ስለማይስብ። የከርሰ ምድር ውኃ ግን ከሥር ነው፦ ቀዳዳው 20 ከመቶ በሆነ አፈር ውስጥ 1 ሜትር ከፍ ቢል 8 ማይክሮጋል ይጨምራል። ስለዚህ በየጉብኝቱ በአቅራቢያ ያለውን የጉድጓድ ውኃ ጥልቀት በሜትር ገመድ ካልለኩ የስበቱ ውጤት ትርጉም አይኖረውም። እንዲያውም የመመረቂያ ጽሑፍዎን የስበት ክፍል በከርሰ ምድር ውኃ ላይ ቢያደርጉት እንመክራለን፤ የሐይቁን ሸክም ለጂፒኤሱ ይተዉት።

ነጥቡን ዋልካ ላይ አይትከሉ። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በሴንቲሜትር የሚቆጠረው እንቅስቃሴው የሚፈልጉትን 5 ሚሊሜትር ይውጠዋል፤ ወቅቱም ከሐይቁ ወቅት ጋር ስለሚገጥም ኋላ በስሌት አይለዩትም። ያልተነቀነቀ ባዛልት ፈልገው የማይዝግ ብረት በኢፖክሲ ይትከሉበት፤ መዶሻ ሲመቱት ባዶ ድምፅ ከሰጠ ተንከባላይ ድንጋይ ነውና ይለፉት። ከባሕር ዛፍም ይራቁ፤ ነፋስ ዛፉን ሲያወዛውዝ ሥሩ መሬቱን ያናውጣል፣ ቅጠሉ ደግሞ የሳተላይት ምልክት ይከልላል።

የጂፒኤስ አንቴናውን ከውኃው ጠርዝ ትንሽ ያርቁት። ጸጥ ያለ ሐይቅ መስታወት ነው፤ ከውኃው ተንጸባርቆ የሚመጣው ምልክት ከፍታውን ያዛባል። ከአድማስ በላይ 10 ዲግሪ ያልደረሱ ሳተላይቶችን ይተዉ። በየጊዜው ቢያንስ 3 ሙሉ ቀን ይቅዱ። የአንቴናውን ቁመት በሦስት በኩል ለክተው ወዲያው ይጻፉ፤ ከምናውቃቸው ስሕተቶች ሁሉ የሚበዛው እዚህ ላይ የሚፈጠረው ነው። ወቅታዊውን ለውጥ ከዘላቂው ለመለየት ደግሞ ያላቋረጠ የ2 ዓመት ተኩል መረጃ ያስፈልጋል። ነጥብዎ በዓመት 3 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲሄድ ቢያዩ አይደንግጡ፤ የአፍሪካ ፕሌት፣ ማለትም አህጉሩን የተሸከመው የምድር ሰሌዳ፣ ጉዞ ነው።

ግራቪሜትሩን ከሥራው 2 ቀን በፊት ኃይል ሰጥተው ሙቀቱ ይርጋ። በባጃጅ አይጫን፤ በመኪና መቀመጫ ላይ ፍራሽ አንጥፈው፣ ቀጥ አድርገው ያስሩት። የስፕሪንጉ ንባብ በየሰዓቱ ቀስ በቀስ ስለሚንሸራተት ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላው ሄደው ይመለሱ፤ ጉዞውን ቢያንስ 5 ጊዜ ይድገሙት። የማነጻጸሪያው ነጥብ ከሐይቁ ርቆ፣ በኮረብታ ዐለት ላይ፣ በአንድ ሰዓት የሚደረስበት ይሁን። በየጣቢያው ትራይፖዱን በተመሳሳይ አቅጣጫና ቁመት ያቁሙ፤ 1 ሴንቲሜትር የቁመት ልዩነት 3 ማይክሮጋል ነው። ጥላ ይያዙ። የጨረቃና የፀሐይ ስበት ብቻውን ንባቡን በቀን ውስጥ ከ200 ማይክሮጋል በላይ ሊያወዛውዘው ስለሚችል የመሣሪያው ሰዓትና መገኛ ስሕተት ካለው ማረሚያውም ይሳሳታል። የአየር ግፊትንም ይመዝግቡ፤ ለ1 ሄክቶፓስካል ጭማሪ 0.3 ማይክሮጋል ይቀንሳል። ይህን ሁሉ አድርገው 5 ማይክሮጋል ትክክለኛነት ካገኙ ጥሩ ሠርተዋል።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ድካም ከሚሆን በሳተላይት አይቀልም? (ከቀበሌ 14)

መልስ፦ ለጣና አይሆንም። ግሬስ የተባሉት ሁለት ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2017፣ ተተኪዎቻቸው ደግሞ ከ2018 ጀምሮ፣ በ220 ኪሎሜትር ያህል ተራርቀው እየተከታተሉ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በማይክሮን ይለካሉ። የሃድሰንና የስካንዲኔቪያ መነሣት በእነሱ ጥሩ ይታያል። ነገር ግን 300 ኪሎሜትር ከሚያህል ስፋት በታች ያለውን አይለዩም፤ የሐይቁን ውኃ ከጎጃምና ከጎንደር እርጥብ አፈር ጋር አደባልቀው ነው የሚያነቡት።